ሰሜን ምዕራብ የወደቀችው ኳስ

ይህን ታሪክ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቼዋለሁ። ስለረሳሁት አይደለም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የክፍሎቹን ስፋት ሳይቀር በማስታወሻ ደብተር መዝግቤዋለሁ። የምተወው አንድ መስመር ላይ ስደርስ ነው። መስመሩ አጭር ነው፤ «ዓርብ፣ ከቀኑ 4፡17። ሰሜን ምዕራብ። ምክንያት፦ የቆሻሻ መኪና?» ይላል። ሰዓቱ በዚህ አገር አቆጣጠር ነው። የጥያቄ ምልክቱንም ያስገባሁት እኔው ነኝ።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ አትላንታ ከመጣሁ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ኢስት ፖይንት ካለ የመኪና ማቆሚያ ወደ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሸትል እነዳለሁ። ሥራዬ ከንጋት እስከ ቀትር ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የራሴ ነው። ስቶን ማውንቴን ውስጥ፣ በአንድ ያረጀ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን እኖራለሁ። ጓደኛ አልነበረኝም ማለት ይቻላል። አገር ቤትም ዝምተኛ ነበርኩ።

አንድ ነገር ግን ነበረኝ፤ የጥንት ቻይናዎች የፈለሰፉትን መልሶ መሥራት። አጀማመሬን በትክክል አውቀዋለሁ። ሸትሉ ውስጥ መንገደኛ ስጠብቅ ወረቀት እንዴት እንደተሠራ አነበብኩ። የዛፍ ልጥ፣ ያረጀ ጨርቅና የተበጣጠሰ የዓሣ መረብ ቀቅለው፣ ወቅጠው፣ በወንፊት አንጠፍጥፈው ያደርቁት ነበር። ይኼማ እኔም አያቅተኝም አልኩና ሁለት አሮጌ ቲሸርቶች ቆራርጬ ቀቀልኩ። ከሦስት ሳምንት ሙከራ በኋላ መዳፍ የምታህል፣ ግራጫ፣ ጠርዟ የተንጨባረረ ወረቀት ወጣችልኝ። ስሜን ጻፍኩባት። ቀጥሎ ከስስ ብረት ዓሣ ቆርጬ፣ በእሳት አግዬ፣ ጭራዋን ወደ ሰሜን አድርጌ ውሃ ውስጥ አቀዘቀዝኳት፤ ሳህን ውሃ ላይ ስትንሳፈፍ ሰሜንና ደቡብን ለየች። ከዚያ ሠረገላው መጣ።

በዚህ ሠረገላ ላይ አንድ የእንጨት ሰው ቆሟል። ሠረገላው በፈለገው አቅጣጫ ቢታጠፍ የሰውየው እጅ ምንጊዜም ወደ ደቡብ ያመለክታል። ማግኔት የለውም፤ ሥራው በሙሉ እርስ በርሱ የሚነካከስ የጥርስ ጎማ ነው። ስድስት ወር ደከምኩበት። የእኔ ሰው ግን ሁለት ጊዜ ከታጠፈ በኋላ ደቡብን ይረሳል። አንድ ቀን ተናድጄ ታቀፍኩትና ወደ ቆሻሻ ገንዳው ስወርድ፣ ደረጃው ሥር አንድ ሽማግሌ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል።

«ልትጥለው ነው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እስቲ ወዲህ በለው።» ጭናቸው ላይ አስቀምጠው የአንዷን ጎማ ጥርሶች በአውራ ጣት ጥፍራቸው እያለፉ ቆጠሩ። «ይቺ ሃያ ሦስት ናት። ሃያ አራት ነበር የሚገባት።»

«ሃያ አራት ነው የቆረጥኩት» አልኩ።

«ቁጠራ።»

ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት ነበር።

«የሰው ጥርስ ቢሆን አንዱ ቢጎድልም ይበላል» አሉ እየሳቁ። «ይቺ ግን አትበላም።»

ጋሽ ሰይፉን ያወቅኋቸው እንዲህ ነው። ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ አንድ የብረታ ብረት ጋራዥ ውስጥ፣ ብረት እያሽከረከረ በሚቀርጽ ቶርኖ ላይ ጨርሰዋል። በሱዳን በኩል ተሰደው እዚህ ከመጡ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያገኙትን ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው አርፈዋል፤ አንዲት ልጃቸው ሂሩት ቴክሳስ ትኖራለች። የሚኖሩት ልክ ከእኔ ቤት ሥር ነበር። መኝታ ቤታቸው ጥግ ላይ ከአልጋቸው ይልቅ የሚሳሱላት ትንሽ ቶርኖ ነበረቻቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከራሳቸው በላይ ስመላለስ ኖሬ፣ ያን ቀን ነው ሰላም ያልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ከቀትር በኋላ ያለው ጊዜዬ የእኔ ብቻ መሆኑ ቀረ። «ቻይናው» ይሉኝ ጀመር። ሠረገላው ሲሳካ፣ «ቀጥሎስ ምን ልንሠራ ነው ቻይናው?» አሉኝ።

ከሁሉ በላይ የሚያጓጓኝን ነገርኳቸው። ከአሥራ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ በሃን ነገሥታት ዘመን፣ የቤተ መንግሥቱ ኮከብ ቆጣሪ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚናገር መሣሪያ ሠራ። ትልቅ የነሐስ ማሰሮ ነው። ዙሪያውን በስምንቱ አቅጣጫ ስምንት ዘንዶዎች ወደ ታች ተደፍተዋል፤ እያንዳንዱ በአፉ አንድ ኳስ ነክሷል። ከሥራቸው ስምንት ጉርጦች አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ሩቅ አገር መሬት ሲንቀጠቀጥ በዚያ በኩል ያለው ዘንዶ ኳሱን ጉርጡ አፍ ውስጥ ይጥላል። አንድ ቀን አንደኛው ኳስ ወደቀ። በከተማው ግን መሬት ሲነቃነቅ የተሰማው ሰው አልነበረም። የቤተ መንግሥቱ ሊቃውንት መሣሪያውን ተጠራጠሩት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከምዕራብ መልእክተኛ መጣ፤ እዚያ መሬት ተንቀጥቅጦ ነበር።

«ውስጡ ምን ነበረ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«በትክክል የሚያውቅ የለም። መሣሪያው ጠፍቷል። አንዳንዱ ቆሞ የሚወድቅ ዘንግ ነው ይላል፣ አንዳንዱ የተንጠለጠለ ክብደት።»

«ቱንቢ ነዋ!» አሉ። «ግንበኛ ግድግዳ የሚለካበት። ተንጠልጥሎ የሚውል ነገር ነው ትንሹን የሚሰማው። የቆመ ነገር እስኪወድቅ ድረስ አይናገርም።»

እኔ የቆመውን መረጥኩ። ያነበብኩት ሥዕል የቆመ ዘንግ ነበረው፤ ካነበብኩት መራቅ አልወድም። ሁለት ሳምንት ተከራከርን። በመጨረሻ፣ «ቤቱ ያንተ ነው፣ ዘንጉም ያንተ ይሁን» ብለው ለቀቁልኝ።

ማሰሮው ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የገዛሁት የመዳብ እንስራ መሰል ነገር ነው። ዘንዶዎቹን እኔ ከእንጨት ጠረብኩ። ጉርጦቹን እሳቸው ከናስ የበር እጀታ ቦረቦሯቸው። ስምንቱን ኳሶች ከናስ ዘንግ አወጧቸው፤ በመለኪያዬ ስለካቸው በመካከላቸው ልዩነት አላገኘሁም። ኳስ ሲወድቅ ጉርጡ «ቅጭል!» ይላል። ኳሱ ወደ ዘንዶው አፍ ሲመለስ ደግሞ «ጠቅ» የምትል ድምፅ አለችው።

መሣሪያውን ሳሎኔ ወለል መሐል ላይ አስቀመጥነው። የአትላንታ መሬት እምብዛም አይንቀጠቀጥም፤ ስለዚህ የምንፈትነው በምን ይሁን አልን። መላውን ያመጡት እሳቸው ናቸው። ከቢዩፎርድ ሀይዌይ ሱቅ የገዛነውን ሃምሳ ፓውንድ ሩዝ ይዘው ወደ ቤታቸው ወረዱ። በየክፍላቸው እየዞሩ፣ ከረጢቱን ከወገባቸው ከፍታ ወለሉ ላይ ይለቁታል፤ እኔ ከላይ ሆኜ የትኛው ኳስ እንደወደቀ እጽፋለሁ። ቤቱ ጣውላ ስለሆነ ሁሉን ያስተላልፋል። በግማሽ ቀን ሰንጠረዡ ሞላ። ወጥ ቤት፣ ምሥራቅ። መኝታ ቤት፣ ደቡብ። መታጠቢያ ቤት፣ ሰሜን ምዕራብ። የመታጠቢያ ቤቱን በራሳቸው እጅ ነው የጻፉት፤ እርሳሱን ነጥቀውኝ፣ «ሰሜን ምዕራብ» ብለው በወፍራሙ አሰመሩበት።

«እንግዲህ» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ብወድቅ በየት በኩል እንደወደቅኩ ታውቃለህ።»

ሁለታችንም ሳቅን።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል የፍልሰታ ጾም ደረሰ። በዋዜማው ጠርተው አስቀመጡኝ።

«ሱባዔ ልገባ ነው» አሉ። «በዚህ አገር ሠላሳ ዓመት አሰብኩት፤ ሠላሳውንም ዓመት ሥራ አልለቀኝም። አሁን ማን ይከለክለኛል? አሥራ ስድስቱን ቀን ከቤት አልወጣም፣ ከሰው አልነጋገርም። ስልኬን አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ።»

«የሚያስፈልግዎት ነገር ቢኖርስ?»

«ቆሎ አለ፣ በሶ አለ፣ ውሃ አለ። ስማ በረከት።» በስሜ የሚጠሩኝ ቁም ነገር ሲኖር ብቻ ነበር። «እንዳታንኳኳብኝ። ሌላም ሰው እንዲያንኳኳ አታድርግ። ቃል ግባልኝ።»

ቃል ገባሁ። ቃሉን የሰጠሁት በደስታ ነበር። ዝም ለማለት ከእኔ የተሻለ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ስግደታቸው አስቸገረኝ። ጠዋትና ከሰዓት ወለሉ ድም፣ ድም ይላል፤ ኳሶቹ ይረግፋሉ። በሦስተኛው ቀን ዘንጉ የቆመባትን እግር በሰፊ ለወጥኩና ስሜቱን ቀነስኩት። ሩዙን ራሴ እየጣልኩ ሞከርኩ። ከሩዙ ያነሰ ነገር አይጥላትም፤ ስግደትም አይጥላትም። ይህንንም መዘገብኩ።

በስምንተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ከሥራ ተመልሼ መኝታ ቤቴ ጋደም ብያለሁ። ቅጭል! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ተነሣሁ። ሰዓቴን አየሁ፤ 4፡17። ወደ ሳሎን ሄጄ ቆምኩ። የሰሜን ምዕራቡ ጉርጥ አፉ ውስጥ ኳሷ አለች፤ ገና እየተንቀጠቀጠች ነበር።

ይህችን ደቂቃ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። እንቅልፍ አልተጫነኝም፤ ሐሳቤም ሌላ ቦታ አልነበረም። ያለ ምክንያት እንደማትወድቅ አውቃለሁ። ከሩዙ የከበደ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ሰሜን ምዕራብ ምን እንደሆነም አውቃለሁ፤ በእሳቸው እጅ ተጽፏል። ጆሮዬን አቀናሁ። ከታች ምንም አልሰማሁም። ከውጭ የቆሻሻ መኪናው ገንዳውን ሲያነሣ ይሰማል። መሬቱ ከእግሬ ሥር አልተነቃነቀም። «ምንም አልተሰማኝም» አልኩ ለራሴ። ጎንበስ ብዬ ኳሷን ከጉርጡ አፍ አወጣኋትና ወደ ዘንዶው መለስኳት። ጠቅ። ከዚያ ደብተሬን አወጣሁና ያችን መስመር ጻፍኩ። ትክክለኛ ሰው ነኝና የጥያቄ ምልክት አስገባሁባት።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ከሥራ ስመለስ ዘይነባ ደረጃው ሥር ቆማ አገኘኋት። ከጋሽ ሰይፉ ፊት ለፊት የምትኖር፣ ዕድሜዋ ከእኔ የማይርቅ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት።

«ቻይናው፣ ጋሼን አይተሃቸዋል?»

«ሱባዔ ናቸው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ትናንት ጠዋት በራቸው ላይ ያስቀመጥኩላቸው ውሃ እስካሁን እዚሁ ነው። ቼክ ላድርጋቸው።»

«ጾም ነው እኮ ዘይነባ።»

«ሙስሊም ብሆን ጾም አላውቅም እንዴ? ሲመሽ አይጠጡም?»

«ቤት ውስጥ ውሃ አላቸው። አንዳንዴ ደግሞ ያጠብቁታል፣ በሩንም አይከፍቱም።»

«ሲሪየስሊ? የሰማንያ ዓመት ሰው?»

«ሰባ ስድስት ናቸው» አልኳት። ስህተት ሳላርም ማለፍ አልችልም።

ለማንኳኳት እጇን አነሣች። ያዝኳት። አንጓዋን ይዤ፣ በትሕትና፣ እጇን ከበሩ መለስኩት።

«ቃል አስገብተውኛል» አልኩ።

እጇን ከእጄ አላቀቀች። «እሺ፤ የናንተ ነገር ነው፣ እናንተ ታውቃላችሁ» ብላ ገባች።

ቤቴ ስገባ ከወለሉ ሥር ቀስ ያለ ምት ይሰማኛል። ድም። ትንሽ ቆይቶ፣ ድም። ስግደት አይደለም፤ ቅዳሜና እሑድ አይሰገድም። መቋሚያ ነው አልኩ፤ እየጸለዩ ወለሉን በመቋሚያ እየመቱ ነው። እንዲያውም ደስ አለኝ። «አየሽ ዘይነባ፣ ደህና ናቸው» አልኩ በልቤ። ምቱ ሲመሽ ቆመ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደብተሬን በንጹሕ ለመገልበጥ ተቀመጥኩ። በየወሩ እገለብጠዋለሁ። የፈተናውን ሰንጠረዥ በግራ፣ የመውደቂያውን መዝገብ በቀኝ አድርጌ መስመር በመስመር ሳነጻጽር ዓርብ ላይ ደረስኩ። በቀኝ «የቆሻሻ መኪና?» ይላል፤ የእኔ ቀጭን ጽሕፈት። በግራ «ሰሜን ምዕራብ» ይላል፤ የእሳቸው ወፍራም ጽሕፈት፣ ከሥሩ የተሰመረበት። የቆሻሻ ገንዳው ከቤታችን በደቡብ ምሥራቅ በኩል ነው። ይህንን ዓርብም አውቅ ነበር።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ከዚህ ሁሉ ነገር ያልመዘገብኩት እሱን ብቻ ነው። ውሃው በሩ ላይ አለ። አንኳኳሁ። «ጋሽ ሰይፉ!» መልስ የለም። በሩን በመዳፌ ደበደብኩት። ዘይነባ ባዶ እግሯን ወጣች።

«ምንድን ነው?»

«ኳሷ ወድቃ ነበር።»

«ምን?»

«ዓርብ። መታጠቢያ ቤት ወድቀዋል።»

«ዓርብ?» አለች። «ዛሬ እኮ እሑድ ነው በረከት!» ስልኳን አውጥታ 911 መደወል ጀመረች። እየደወለች፣ «በኋላ በኩል መስኮት አለ፣ ሂድ!» ብላ ጮኸችብኝ።

ዞሬ ሮጥኩ። የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ትንሽ ነው፣ ከራሴ በላይ፣ መስታወቱ የማያሳይ። ከታች በኩል የጣት ስፋት ያህል ተከፍቷል። የውሃ ቧንቧ ላይ ወጥቼ አፌን ወደ ክፍተቱ አስጠጋሁ።

«ጋሽ ሰይፉ! ጋሼ!»

ጆሮዬን ወደ ክፍተቱ አዞርኩ። ከዚያ፣ ከሩቅ እንደመጣ፣ የደረቀ ድምፅ ሰማሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ በረከት።»

«መጣህ?» አሉ።

ሌላ ምንም አላሉም። ይህች አንዲት ቃል ናት እስከ ዛሬ ከእንቅልፌ የምትቀሰቅሰኝ። የቁጣ ቃና ቢኖራት ይሻለኝ ነበር። ቀጠሮ የነበራቸው ሰው ዘግይቶ ሲደርስ እንደሚሉት ነው ያሉት።

«እየመጡ ነው ጋሼ፣ በሩን ሊሰብሩት ነው፣ አይዞዎት።»

ትንሽ ቆይተው፣ «ቁልፉን ቀስ ብለው ይስበሩት በላቸው» አሉ። «ደህና ናስ ነው።»

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ በሩን ሲከፍቱ ሰዓቴን አየሁ፤ 2፡40። አርባ ስድስት ሰዓት ከሃያ ሦስት ደቂቃ። ጋሽ ሰይፉ በመታጠቢያ ገንዳውና በግድግዳው መካከል በጎናቸው ተኝተው ነበር። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሯል። በእጃቸው የጀርባ መፋቂያ እጀታ ይዘዋል፤ ወለሉን የሚመቱበት እሱ ነበር። ከሥራቸው ፎጣ አለ። ለስግደት ላብ መጥረጊያ በውሃ ነክረውት ነበርና በሁለቱ ቀናት ሲመጥጡት የቆዩት ያንን ነው።

ማክሰኞ ዕለት ሆስፒታል ገብቼ አየኋቸው። ሂሩት ከቴክሳስ ገብታለች፤ ለትንሽ ጊዜ ብቻችንን ትታን ወጣች። ፊታቸው ከስቷል፤ ዓይናቸው ግን ያው የቶርኖ ሠራተኛ ዓይን ነበር።

«ኳሷ ወደቀች አይደል?» አሉኝ።

«ወደቀች።»

«የትኛዋ?»

«ሰሜን ምዕራብ።»

ፈገግ አሉ። «ሠራች በለኛ!» እጄን ፈልገው ያዙት። «ያንተ ዘንግ ሠራ። እኔ ቱንቢ ቱንቢ እያልኩ ነዘነዝኩህ።»

ብርድ ልብሳቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረግኩላቸው።

«ስትወድቅ ሰማኋት» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ወድቄ ገና ሳልንቀሳቀስ፣ ከላይ ቅጭል አለች። በቃ፣ አሁን ይመጣል አልኩ። ኮቴህ ተሰማኝ። መጣህና ቆምክ። ለመጮህ ትንፋሽ አልነበረኝም፤ ግን ምን ያስጮኸኛል? ኳሷ ነግራሃለች።» ትንሽ ዐረፉ። «ከዚያ ጠቅ አለች። ስትመልሳት ነው አይደል፣ ጠቅ የምትለው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እሱን ሰማሁ።»

ወቀሳ ጠበቅሁ። አልመጣም።

«ስሜቷን ቀንሰሃት ነበር እንዴ?» አሉ በመጨረሻ።

«ስግደትዎ እንዳይጥላት ብዬ። ከሩዙ በላይ የሆነ ብቻ እንዲጥላት።»

«እንግዲያው ከሩዙ እበልጣለሁ» አሉና ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሂሩት ሮጣ ገባች።

«ይቅር ይበሉኝ» የሚለውን ቃል ይዤ ነበር የሄድኩት። ይዤው ተመለስኩ። ነገ እላለሁ አልኩ፤ በማግስቱ ኩላሊታቸው ብሶ ሰው አያዩም ተባለ። ሐኪሙ ለሂሩት ያስረዳት እንዲህ ነው፤ የጎዳቸው ስብራቱ አይደለም፣ መሬት ላይ የቆዩበት ሰዓት ነው። በሆስፒታል በአሥራ ሁለተኛው ቀናቸው ዐረፉ።

ከቀብር በኋላ ሂሩት ቤቱን ስታስለቅቅ ወደ ላይ ወጥታ በሬን አንኳኳች። በእጇ በካልሲ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ይዛለች።

«ቶርኖው ላይ ተቀምጦ ያገኘሁት ነው» አለች። «ቻይናው አንተ ነህ አይደል?»

ካልሲውን ፈታሁት። የናስ ቱንቢ ነበር፤ ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ፣ ወገቡ ላይ ምንም የቶርኖ መስመር የማይታይበት። አብሮት ቁራጭ ወረቀት አለ። እኔ በቲሸርት ከሠራኋቸው ግራጫ ወረቀቶች አንዷ ነበረች፤ ሰጥቻቸው ነበር። በወፍራም እርሳስ «ለቻይናው። ከሱባዔ ስወጣ እንሞክረው» ይላል።

«ተሰቃይተው ነበር?» አለችኝ ሂሩት። «አባቴ አንተ ቶሎ እንደደረስክላቸው ነው የነገሩኝ፤ ሐኪሙ ግን ብዙ ሰዓት ቆይተዋል አለ።»

እዚህ ላይ ሐቁን ነገርኳት። ኳሷን፣ መስመሯን፣ የዘይነባን እጅ፣ ሁሉንም። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሰማችኝ። ስጨርስ፣ «እኔም ሱባዔ ነው ብዬ አልደወልኩም» አለች። ይህን ያለችው ልታጽናናኝ ይሁን ራሷን ልትከስ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቱንቢውን እጄ ላይ ትታ ወረደች።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ እኔ የማውቀው ጥቂት ነገር ነው፤ እሱን ልንገራችሁ። ያን የጥንት ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ ራሴን ከሠሪው ጋር ነበር የማስቀምጠው። በእነዚያ በተጠራጠሩት ሊቃውንት እስቅባቸው ነበር። ኳሱ ወድቆ እያዩ «አልተሰማንም» ማለታቸው ሞኝነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ከእነሱ ጋር ነኝ። እነሱ ግን ከእኔ ይሻላሉ፤ መልእክተኛው ሳይመጣ ኳሱን ወደ ዘንዶው አፍ መለሱት ብሎ የጻፈ የለም። የእኔ ተመልሳለች።

ቃልን ማክበር ክፉ ነው አልልም። ሱባዔም የተቀደሰ ነገር ነው፤ ጋሽ ሰይፉ ሠላሳ ዓመት የናፈቁት ነው። የማፍርበት ሌላ ነው። ለቃሌ የታመንኩት ቃሉ ስለተስማማኝ ነበር። በር ማንኳኳት ከልጅነቴ ጀምሮ የሚከብደኝ ሰው ነኝ፤ እሳቸው አታንኳኳ ሲሉኝ ሸክም አወረዱልኝ። ስለዚህ ኳሷ ስትወድቅ የሚቀለኝን ምክንያት መረጥኩና በደንብ አድርጌ መዘገብኩት። በሥርዓት የተጻፈ ነገር እውነት ይመስላል፤ ለጻፈውም ጭምር።

ዘንጉን አውጥቼ ቱንቢውን ሰቀልኩት። እሳቸው ልክ ነበሩ፤ የተንጠለጠለው ትንሹን ይሰማል። ስሜቱን አልቀነስኩትም። አሁን ኳሶቹ በሳምንት አምስት ስድስት ጊዜ ይወድቃሉ። ከታች አንዲት ጡረታ የወጡ አሜሪካዊት ትልቅ ውሻ ይዘው ገብተዋል። ኳስ በወደቀ ቁጥር እወርዳለሁ። መጀመሪያ ላይ በሰንሰለት የተያዘ በር ከፍተው፣ ፖሊስ ልጥራብህ ወይ ብለውኝ ነበር። ዘይነባ ናት ያስረዳቻቸው። አሁን ገና በሩን ሳንኳኳ ከውስጥ፣ «ዛሬም ውሻው ነው የኔ ልጅ፣ ደህና ነኝ» ይሉኛል። እኔ ግን እስኪከፍቱልኝ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ፊታቸውን ሳላይ አልመለስም።

ትናንት ከሰዓት ሰሜን ምዕራብ ወደቀች። ወረድኩ። በሩን ለመክፈት ዘገዩ። ደረጃው ሥር፣ ያ ውሃ የነበረበት ቦታ ላይ ቆሜ ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት ላይ ስደርስ ሰንሰለቱ ተሰማኝ፤ እጃቸው በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ወጡ። ውሻውን እያጠቡት ነበር።

ወደ ቤቴ ወጣሁ። ኳሷን ከጉርጡ አፍ አንሥቼ የመለስኳት ያን ጊዜ ነው።